«ፈረንጅ ዘመድ አያውቅም» ለምትሉኝ፦ ስለ አሜሪካ ደቡብ ቤተሰብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎረቤቴ 83 ዓመታቸው ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ የጆርጂያ ገጠር ተወላጅ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ቤቢ» ይሉኛል። አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፣ ግን ማን ይከራከራቸዋል።

ባለፈው ጁላይ የቤተሰባቸው መሰባሰቢያ ላይ ጠሩኝ። «ፋሚሊ ሪዩኒየን» ይሉታል። ሃያ ሰላሳ ሰው አገኛለሁ ብዬ ሄድኩ። ፓርኩ ውስጥ የጠበቀኝ ከመቶ በላይ ሰው ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሐምራዊ ቲሸርት ለብሷል። ጀርባው ላይ የዘር ሐረጋቸው በዛፍ መልክ ታትሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለነዚህ ሰዎች ቡና ላይ የምናወራውን ወሬ ዝም ብዬ መስማት አቃተኝ።

(አንድ ነገር ከወዲሁ፦ «ደቡብ» የምለው ጆርጂያን፣ አላባማን፣ ሚሲሲፒን፣ ቴነሲን፣ ሁለቱን ካሮላይናዎችና አካባቢያቸውን ነው። ደቡብ አሜሪካን አይደለም። አገር ቤት ያለችው አክስቴ እስካሁን ብራዚል ያለሁ ይመስላታል።)

«ልጅ 18 ሲሞላው ይባረራል፣ ከዚያ ወዲያ ዘመድ የለም»

ይህቺን ያልሰማ ሐበሻ የለም። ልጅ ቶሎ ከቤት መውጣቱ እውነት ነው። ወጣ ማለት ግን ተቆረጠ ማለት አይደለም።

የሪዩኒየኑ ነገር ሦስት ቀን ይፈጃል። ዓርብ ማታ ዓሣ ጥብስ፣ ቅዳሜ ፓርክ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። እኔ ድግስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ ማይክ ያዙና ስብሰባ ተጀመረ። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ አነበበ። ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆች ከመዋጮው የተያዘው ገንዘብ ተነገረ። ባለፈው ዓመት የሞቱት ስማቸው አንድ በአንድ ተጠራ፣ ለእያንዳንዳቸው ሻማ በራ። ከሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሰውና ገና ሳምንታት የሆናት ጨቅላ ጎን ለጎን ፎቶ ተነሡ። ከዚያ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ቲሸርት ይወስዳል አይወስድም የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። እዚህ ላይ ቁርጥ የኛ ሰፈር ማኅበር ሆኑብኝ።

«ልጁም ሽማግሌውም እኩል በስሙ ነው የሚጠራራው»

ሌላ ቦታ ይሆናል። እዚህ ልጅ ለአዋቂ «የስ ማም»፣ «ኖ ሰር» ካላለ ጉድ ነው። አዋቂን በስሙ ብቻ መጥራትም የለም፤ ከፊቱ «ሚስ» ወይም «ሚስተር» ይገባል። በሥጋ የማይዛመዱ የእናት ጓደኞች «አንት» (አክስት) ይባላሉ። አብሮ አደግ የሰፈር ልጅ ደግሞ «ፕሌይ ከዝን» ነው፣ ያለ ደም የአክስት ልጅ እንደማለት። ሲያትል ያደገው የእህቴ ልጅ እማማን በ«የስ ማም» ፈንታ «ያ» ብሎ መለሰላቸው። «ያ ማነው? እዚህ ያ የሚባል ሰው የለም» አሉት እየሳቁ። ደግሞ አልሞከራትም።

በጥቁሮቹ ቤተሰብ ይህ ማዕረግ ከይሉኝታ በላይ ነው። ጥቁርና ነጭን በሚለያየው ሕግ ዘመን ነጮች ጥቁሩን አዋቂ «ሚስተር» ወይም «ሚስ» ብለው አይጠሩትም ነበር። ሽማግሌውን «ቦይ» (ልጅ) ይሉታል። በ1963 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አላባማ ውስጥ ሜሪ ሃሚልተን የተባለች የመብት ታጋይ ፍርድ ቤት ቀረበች። ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ሲላት «ሚስ ሃሚልተን ካላልከኝ አልመልስም» አለች። ችሎት ደፈርሽ ተብላ አምስት ቀን እስርና 50 ዶላር ተፈረደባት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1964 ቅጣቱ ተሻረ። እማማ ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበሩ። «ሚስ» ለምን እንደሚያጠብቁ የገባኝ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

«ጎመን ነው፣ የጾም ነው»

ይህ ስሕተት የራሴ ነው። ዓርብ ቀን አንድ ሳህን ጎመን ሰጡኝ፣ «ኮላርድ ግሪንስ» የሚሉትን። ጨርሼ ሁለተኛ ስቀበል አጥንት አገኘሁ። ጎመኑ የሚቀቀለው በጭስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው፣ ለሰዓታት። ዛሬ ዛሬ በተርኪ የሚሠሩም አሉ፣ እሱም ቢሆን ለጾም አይሆንም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጎመኑን መረቅ «ፖት ሊከር» ይሉታል። ስሙ ይምሰል እንጂ መጠጥ የለበትም፤ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል።

የተጠበሰ ዶሮም የዘወትር ምግባቸው አልነበረም። ዶሮ የሚታረደው እሑድ፣ ቄሱ ለምሳ ሲመጡ ነው። «የወንጌል ወፍ» የሚል ቅጽል ስም ያተረፈው ለዚህ ነው። በአዘቦት ቀን ባቄላ፣ አተር፣ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ነው የሚበላው።

«ነጩ ሁሉ ዓምድ ያለው ትልቅ ቤትና ባሪያ ነበረው»

በ1860 ባርነት በተፈቀደባቸው ግዛቶች ውስጥ ባሪያ የነበረው ነጭ ቤተሰብ ከአራት አንድ ያህል ነው። ብዙው ትንሽ እርሻ የሚያርስ ነበር፣ በተለይ አፓላቺያ ተራሮች ላይ። ሥርዓቱን ግን ባሪያ ከሌለውም ብዙው ደግፏል፣ ተዋግቶለታልም። የተራራዎቹ ሰዎች እስካሁን ግንቦት አካባቢ ተሰብስበው የዘመዶቻቸውን መቃብር ያጸዳሉ፣ አበባ ያደርጋሉ፣ እዚያው ሜዳ ላይ ምሳ ዘርግተው ይበላሉ። ዘመድ አክባሪነቱ የጥቁሩ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

«ባርነት ስለበተናቸው ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ የሚባል ነገር አልተረፋቸውም»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። መበተናቸው እውነት ነው። የባሪያ ጋብቻ በሕግ አይታወቅም ነበር። ባል ወደ አላባማ፣ ሚስት ወደ ቴክሳስ፣ ልጅ ወደ ሌላ ይሸጣል። ግን ነጻ እንደወጡ መጀመሪያ ምን አደረጉ? መፈላለግ ጀመሩ። «እናቴን ያያችሁ»፣ «ወንድሜ በ1840ዎቹ ተሽጦ ሄደ፣ ጠባሳው እንዲህ ነው» የሚሉ ማስታወቂያዎች በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ወጥተዋል፣ እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ ድረስ። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ጋብቻቸውን ለማስመዝገብ ተሰለፉ። ልጆች አሳድገው የጨረሱ ሰዎች በሕግ «ሙሽራ» ሆኑ።

የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ብዙዎቹ 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። ምክንያቱ የመዝገቡ ነው። በ1850 እና በ1860 ቆጠራ ባሪያዎች የተጻፉት በባለቤቱ ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ነው፣ «ሴት፣ 24» ተብሎ። ስማቸው በሕዝብ ቆጠራ ላይ በጅምላ የወጣው በ1870 ነው። የእማማ ቤተሰብ ቲሸርት ላይ የዛፉ ሥር 1870 ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ አንድ ወጣት ይህንኑ ነገረኝ። እሱ ከ1870 ወዲያ ለማለፍ የድሮ ኑዛዜና የሽያጭ ውል እያገላበጠ ነው። አያቶቹን የሚፈልገው በሌላ ሰው የንብረት ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ከበቅሎና ከማረሻ ቀጥሎ።

በነገራችን ላይ ሁሉም የመጨረሻ ባለቤታቸውን ስም ወረሱ የሚባለውም ልክ አይደለም። የቀድሞ ባለቤት ስም የያዘ አለ፣ የአባቱን የያዘ አለ፣ ራሱ የመረጠም አለ።

«ወደ ሰሜን የሄደው ሄደ፣ ተረሳ»

ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ጥቁር ከደቡብ ወጥቶ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ኒው ዮርክ፣ ሎስ አንጀለስ ገባ። ሲሄዱ ስንቃቸውን በጫማ ካርቶን ይይዛሉ፦ የተጠበሰ ዶሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ኬክ። ባቡር ላይ ከነጮች እኩል ተቀምጠው መብላት ስለማይችሉ ነው። ይህን የሰማሁት ከእማማ ነው፤ ካርቶኑ በሰም ወረቀት ይጠቀለል እንደነበር ሳይቀር ነገሩኝ።

ልጆቹ ግን ትምህርት ሲዘጋ ወደ አያት ይላካሉ። አንዳንዱ ላይ አደጋው ከባድ ነበር። ኤመት ቲል በ1955 ከቺካጎ ሚሲሲፒ የሄደው የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ዘመድ ሊጠይቅ ነው። ተገደለ። ያን ካዩ በኋላ እንኳ ልጆቻቸውን መላክ ያልተዉ እናቶች ነበሩ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ፍሰቱ ተገልብጦ ብዙዎች ወደ ደቡብ ተመልሰዋል። አትላንታን ካጥለቀለቋት ሰዎች የሐበሻ ብቻ ወሬ ነው የምናወራው፤ ከቺካጎ የተመለሱት የልጅ ልጆችም አሉ።

«የቤተሰብ መሬት ነው፣ ማንም አይነካውም»

ይህ የእኛ ሳይሆን የእነሱ የራሳቸው ስሕተት ነው። በጣም ብዙ ዋጋ ያስከፈለውም እሱ ነው።

በ1910 አካባቢ ጥቁሮች ወደ 6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ነበራቸው። ከባርነት ከወጡ ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ከእጃቸው ወጥቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ኑዛዜ አለመኖሩ ነው። ፍርድ ቤቱ የነጮች ነው፣ ጠበቃው አይታመንም፣ ኑዛዜ ካልተጻፈ ደግሞ መሬቱ ለዘላለም የቤተሰቡ ሆኖ ይቀራል ብለው ያምኑ ነበር።

የሚሆነው ግን እንዲህ ነው። አያት ያለ ኑዛዜ ይሞታሉ። ስድስት ልጆች ይወርሳሉ፣ ግን መሬቱ አይሸነሸንም፤ እያንዳንዱ ከጠቅላላው ላይ ድርሻ ብቻ ነው ያለው። እነሱም ይሞታሉ። በሦስተኛው ትውልድ ወራሾቹ ስድሳ ይሆናሉ። አንዱ ዲትሮይት ነው፣ መሬቱን አይቶት አያውቅም። አንድ አልሚ ነኝ ባይ ደውሎ ድርሻውን በጥቂት ሺህ ዶላር ይገዛዋል። ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዶ «መሬቱ ተሸንሽኖ ድርሻዬ ይሰጠኝ» ይላል። ስድሳ ቦታ መሸንሸን አይቻልም ይባልና ሁሉም በጨረታ ይሸጣል። ጥሬ ገንዘብ ያለው ማን ነው? ያው ሰውዬ። አርባ ዓመት ግብር የከፈለችው አክስት ዕቃዋን ትጭናለች። የሳውዝ ካሮላይናው ሂልተን ኸድ ደሴት ዛሬ የጎልፍ መዝናኛ ነው። በ1956 ድልድይ ተሠርቶ ከየብስ እስኪገናኝ ድረስ ብዙው ነዋሪ ጥቁር ነበር፣ የቀድሞ ባሪያዎች የልጅ ልጅ። ከእነሱም መሬቱ ከእጃቸው የወጣው በዚሁ መንገድ የሆነባቸው አሉ።

በ2010 ለክፍላተ ግዛቶች አንድ ሞዴል ሕግ ተረቀቀ፣ ጆርጂያ በ2012 ተቀበለችው። አሁን መሬቱ በገለልተኛ ሰው ይገመታል፤ ሌሎቹ ወራሾችም ይሸጥ ያለውን ሰው ድርሻ ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው። ፓርኩ ውስጥ አንዲት የእማማ የእህት ልጅ ወፍራም ፎልደር ታቅፋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞር ነበር። ዶሮ ቢቀርብላት እንኳ አልተቀመጠችም። ፊርማ ነበር የምታሰባስበው።

አገር ቤት የአባታችሁ ቤት በስንት ወንድምና እህት ስም ነው ያለው? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።

«እድር የኛ ብቻ ነው»

አይደለም። ከነጻነት በኋላ ጥቁሮቹ በየቤተ ክርስቲያኑ የቀብር ማኅበር አቋቋሙ። በየሳምንቱ ሳንቲም ይዋጣል፤ ሰው ሲታመም ይረዳል፣ ሲሞት ይቀብራል። የአትላንታው አሎንዞ ኸርንደን ባሪያ ሆኖ በ1858 የተወለደ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በ1905 እንዲህ ያለ አንድ ማኅበር በ140 ዶላር ገዝቶ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያ ለወጠው፣ አትላንታ ላይፍን። የኛ እድር ድንኳንና ወንበር ገዛ፤ የእነሱ ደግሞ ሕንፃ ሠራ።

የእማማ ወንድም የሞቱ ጊዜ ለቅሶውን አየሁ። የአስከሬኑ መኪና ሲያልፍ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ፣ የማያውቃቸው ሰው ጭምር፣ ዳር ይዞ ቆመ። ቤቱ በምግብ ተሞላ። እያንዳንዱ ሳህን ሥሩ ላይ በፕላስተር የባለቤቱ ስም ተለጥፏል፣ የማን ዕቃ የት እንደገባ እንዳይጠፋ። እኔም ምስር ወጥ ሠርቼ በፓይሬክስ ወሰድኩ። እማማ አዩና «ስምህስ?» አሉኝ። ከመሳቢያ ፕላስተርና እስክሪብቶ አውጥተው ራሳቸው ጻፉት፣ ሆሄውን ስተው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ባዶ ዕቃ አይመለስም። ፓይሬክሴ ውስጥ ፓውንድ ኬክ ነበረ፣ ገና ትኩስ።