«ነጻ የመውደቂያ ከፍታ» እና «ወሳኝ የመውደቂያ ከፍታ» አንድ አይደሉም

በአውሮፓ የትምህርት ቤት መወጣጫዎችና ዥዋዥዌዎች በኢኤን 1176 (የመጫወቻ ሜዳ መሣሪያዎች የአውሮፓ የደህንነት መስፈርት) ሲፈተሹ፣ በሪፖርቱ ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላት ይወጣሉ። ነጻ የመውደቂያ ከፍታ የመሣሪያው ነው፦ ልጁ ከቆመበት ወይም ከተቀመጠበት እስከ መሬት ያለው ርቀት። ከ3 ሜትር መብለጥ የለበትም። ወሳኝ የመውደቂያ ከፍታ ደግሞ የመሬቱ ነው፦ ንጣፉ ከምን ያህል ከፍታ የወደቀን ልጅ ጭንቅላት ከከባድ ጉዳት ሊከላከል እንደሚችል ይነግረናል። ይህኛው ከመጀመሪያው ማነስ የለበትም።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው መሣሪያው ሳይሆን መሬቱ ነው። እስከ 2 ሜትር ከፍታ 20 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ወይም የዛፍ ቅርፊት ያስፈልጋል፤ እስከ 3 ሜትር ደግሞ 30። ልጆች እየረገጡ ስለሚበትኑት በሁለቱም ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ከዥዋዥዌ ሥርና ከሸርተቴ ማብቂያ ቶሎ ስለሚጎደጉድ ጥልቀቱን እዚያው ለኩ። ምሰሶው ላይ የሙሌቱን ልክ በቀለም ብታሰምሩ ጉድለቱ ከሩቅ ይታያል።

የንጣፉ ስፋትም አይረሳ፦ እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ በመሣሪያው ዙሪያ 1.5 ሜትር፣ 3 ሜትር ሲደርስ 2.5 ሜትር ነጻ ቦታ ይተዋል።

የወሳኝ የመውደቂያ ከፍታ መለኪያ የተሠራው ለጭንቅላት ጉዳት ነው፤ ክንድ እንዳይሰበር ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ልጅ ክንዱ ስለተሰበረ ብቻ ንጣፉ ጉድለት አለበት፣ መወጣጫውም ይነቀል ማለት ስህተት ነው። በውርጭ የረጋ አሸዋ ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ በዚያ ጠዋት መሣሪያው ይዘጋ።