በኳንተም የሚወጣ የሕዝብ እጣ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቦሌ አራብሳም ሆነ የካ አባዶ፣ ብዙዎቻችን ቤት ያገኘነው በእጣ ነው። እጣውን የሚያወጣው ደግሞ ኮምፒውተር ነው።

ተራ ኮምፒውተር የሚሰጠው ቁጥር እድል ይመስላል እንጂ የቀመር ውጤት ነው። መነሻውን የያዘ ሰው ቀሪውን ያውቃል። በአሜሪካ የሎተሪ ማኅበር የመረጃ ደህንነት ኃላፊ የነበረው ኤዲ ቲፕተን ሶፍትዌሩ ውስጥ የራሱን ኮድ ሸጉጦ ሎተሪ ሲበላ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ 25 ዓመት እስር ተፈረደበት።

ኳንተም ኢንታንግልመንት (የጥቃቅን ቅንጣቶች ትስስር) ይህን በር ይዘጋል። አብረው የተፈጠሩ ሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ተራርቀው ሲለኩ የእያንዳንዳቸው ውጤት አይገመትም፤ የሁለቱ ግን ይዛመዳል። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ የሒሳብ ወሰን አስቀመጠ። ዝምድናው ከዚያ ወሰን ካለፈ ውጤቱ ቀድሞ የተጻፈ ሊሆን አይችልም። መሣሪያውን የሠራውን ሰው ባታምኑት እንኳ ፈተናው ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለጥርጣሬ ቀዳዳ የማይተዉ ሙከራዎች ተሳኩ።

በዚህ መንገድ የወጡ ቁጥሮችን ለሕዝብ የሚያቀርበው ከርቢ የተባለው አገልግሎት ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ አደረጉት። ፎቶኖቹ 110 ሜትር ተራርቀው በደቂቃ 15 ሚሊዮን ጊዜ ይፈተናሉ። ከዚያ ሁሉ ተጣርቶ የሚቀረው 512 ቢት (የ0 ወይም የ1 አሃዝ) ብቻ ነው! በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ከ7,454 ሙከራዎች 7,434ቱ ሰምረዋል። እያንዳንዱ እርምጃ በተለያዩ ወገኖች መዝገብ ላይ በሃሽ (መረጃው ትንሽ ቢነካ በሚለወጥ የሒሳብ አሻራ) ስለሚቆላለፍ፣ አንዱ ተደብቆ ቢቀይር በሌሎቹ ዘንድ ይጋለጣል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የ2011 ዓ.ም. 13ኛ ዙር የኮንዶሚኒየም እጣ ቆዬ ፈጬ ላይ የወሰን ውዝግብ አስነስቷል፤ ከቁጥር አወጣጥ ጋር ግን አይገናኝም። የ14ኛው ዙር ጉዳይ ሌላ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች እጣ ወጣ። የ97 ተመዝጋቢ ስንት ዓመት ቆጥቦ የጠበቀው ቀን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። የከተማ አስተዳደሩ እንዳለው፣ ሲስተሙ ውስጥ ለእጣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ተገኝተዋል። በህዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ያኔ የደረሳቸው ታጋሽ ቆጣቢዎች ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

እዚህ ላይ ፎቶን ብቻውን አያድንም። ዝርዝሩ ከተበረዘ ንጹሕ ቁጥርም የማይገባውን ሰው ይመርጣል። እቁብ ላይ ወረቀቱ ከመጠቅለሉ በፊት የሁሉም ስም መኖሩ ይረጋገጣል፤ የቤት እጣም ይኸው ነው። የብቁዎቹ ዝርዝር አስቀድሞ በሃሽ ይታሰራል። የትኛው ሰዓት ላይ የሚለቀቀው ቁጥር እንደሚወሰድ ይነገራል፤ ከቁጥሩ ባለ እድሎቹ የሚለዩበት ቀመርም ይፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የተጠራጠረ ሰው ላፕቶፑ ላይ ራሱ ማስላት ይችላል።