በበርሊን መሃል ከተማ ሆስቴል ማደር

ሆስቴል ክፍል ሳይሆን አልጋ የሚከራይበት ማደሪያ ነው። ትውልዱም እዚያው ጀርመን ነው። ሪቻርድ ሺርማን የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ያዛቸውና ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው አደሩ፤ ሐሳቡ ያኔ ተጸነሰ። በ1912 በአልቴና ግንብ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ።

በርሊን ውስጥ በዋናው ባቡር ጣቢያና በአሌክሳንደርፕላትዝ ዙሪያ ብዙ ሆስቴሎች አሉ። በአንድ ክፍል ከ4 እስከ 10 ሰው በተደራራቢ አልጋ ይተኛል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፣ እንቅልፉም እንዲሁ። በድረ ገጽ የሚታየው ዋጋ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻው አይደለም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከተማዋ በማደሪያ ዋጋ ላይ 7.5 በመቶ ግብር ታስከፍላለች፤ ለ30 ዩሮ አልጋ 2 ዩሮ ከሩብ ግድም ማለት ነው። ፎጣ ብዙውን ጊዜ በኪራይ ነው። አንሶላ ዋጋው ውስጥ መካተቱን ከመክፈል በፊት ማየት ይበጃል። የዕቃ ሳጥኑ የራስን ጓጉንቸር የሚፈልግ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ጓጉንቸር መያዝ ወጪ ያድናል።

ለሸንገን ቪዛ ማደሪያ የያዘ ሰው ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ይምረጥ። ርካሹ አልጋ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የማይመለስ ነው፤ ቪዛው ከዘገየ ወይም ከተከለከለ ክፍያው ይቀልጣል። ስም ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው አጻጻፍ ይግባ። የውጭ ዜጋ ሲገባ የመመዝገቢያ ቅጽ ይሞላል፣ ፓስፖርቱም ይመሳከራል።

አልጋ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ መልቀቂያው ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ቀድሞ የደረሰ ሻንጣውን አስቀምጦ ከተማውን ሊያይ ይችላል። አልጋው ላይ ከመውጣት በፊት የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን መጋጠሚያ በስልክ መብራት ማየት አይታለፍ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ የትኋን ምልክት ሊሆን ይችላል። ሻንጣውን ሳይከፍቱ ሌላ ክፍል መጠየቅ ነው፤ ልብስ ከተዘረገፈ በኋላ ትኋኑ አብሮ ይጓዛል።

የጋራ ማብሰያ ያለው ሆስቴል ለጾመኛ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ቁርሱ በአመዛኙ ቺዝ፣ እንቁላልና ሥጋ ነውና። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ምግብ ስምና የመልቀቂያ ቀን ይጻፍበታል፤ ያልተጻፈበት ይጣላል። ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ግን የጭስ ጠቋሚውን ያስጮኻል፤ የእሳት አደጋ መኪና ከመጣ ሂሳቡ ለእንግዳው ሊተርፍ ይችላል። እሁድ ሱቆች ዝግ ስለሆኑ የሚያበስል ሰው ቅዳሜ ይግዛ፤ ካልሆነ የዋናው ባቡር ጣቢያ ሱቆች ክፍት ናቸው። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል።