ቀለሃ ዘግይቶ ነው የሚናገረው

አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች የተተኮሰ ቀለሃ አይጥሉም። አጽድተው፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር አስገብተው መልሰው ይተኩሱታል። ባሩዱ ሲቃጠል ጠመንጃው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከልክ ማለፉን ታዲያ በምን ያውቃሉ? ወሬ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

«ፕራይመሯ ካልተደፈጠጠች ሰላም ነው።»

ፕራይመር ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችው፣ መርፌው የሚመታት ትንሽ መለኮሻ ናት። የአንዱ ፋብሪካ ስስ፣ የሌላው ወፍራም ነው። ስሷ በጤነኛ ግፊትም ልትደፈጠጥ ትችላለች። የባሰው ግን ተቃራኒው ነው። በ1873 ሞዴሉ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ የሚተኮሰውን 45-70 ጥይት እንይ። የአሜሪካ አምራቾች መስፈርት የግፊቱን ጣሪያ 28,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ አቁሞታል። 308 ዊንቸስተር የሚባለው ጥይት 62,000 ነው። ፕራይመር 28,000 ቢያልፍ ምንም አይመስላትም። ያ ሽማግሌ ጠመንጃ ግን ፕራይመሯ ሳትደፈጠጥ ሊፈነዳ ይችላል።

«ምልክት እስኪታይ ባሩድ እጨምራለሁ፣ ከዚያ ትንሽ እመለሳለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቦልቱ፣ ማለትም የጠመንጃው መዝጊያ፣ አልነሳ ብሎ በመዳፍ ከተመታ፣ ቀለሃው ቂጥ ላይ የሚያብለጨልጭ ክብ ማህተም ከታየ፣ ናሱ እንደ ሊጥ ተገፍቶ ቀለሃ የሚያስወጣው ማስፈንጠሪያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንደ 308 ባለ ጥይት ይህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጣሪያው ከታለፈ በኋላ ነው። አዲስ ፕራይመር ሳትጠብቅ ሸርተት ብላ ከገባችማ ያ ቀለሃ አብቅቶለታል።

«ከመጽሐፉ ጣሪያ በታች ነኝ፤ ምን ይመጣል?»

መጽሐፉ የባሩድ መጠን የሚነግረው የጥይት መሙያ መመሪያ ነው፤ ቁጥሩ የተለካው ግን በሌላ በርሜል ነው። የወታደር ቀለሃ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ስለሚጠብ ያው ባሩድ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። የ308 ቀለሃ ደጋግሞ ሲተኮስ ይረዝማል። ከ51.18 ሚሊሜትር ካለፈና ካልተከረከመ አንገቱ አረሩን ጨምድዶ ሊይዘው ይችላል። በጠራራ ፀሐይ መኪና ውስጥ የዋለ ጥይትም በብርድ እንደተሞከረው አይሆንም። ስለዚህ መነሻው መጽሐፉ «መጀመሪያ» ብሎ የጻፈው ዝቅተኛው መጠን ነው።

«የአረር ፍጥነት መለኪያ የቅንጦት ዕቃ ነው።»

አይደለም። በዚያው ባሩድ፣ በዚያው አረርና በርሜል ርዝመት ከመጽሐፉ በላይ ከፈጠነ፣ ትርፉ የመጣው ከግፊት ነው። ቀለሃው ዝም ቢልም መለኪያው ይናገራል።

«የቀረውን ተኩሼ ልጨርሰው፣ ባሩድ ውድ ነው።»

የተጠረጠረ ጥይት በአረር መንቀያ ይፈታል። አንድ በአንድ፣ መነጽር አድርጎ።