ጥለት ምንድን ነው? ቅርጹስ ለምን ማዕዘን በዛበት?

ጥለት በነጠላ ጫፍ፣ በሐበሻ ቀሚስ ደረትና ግርጌ ላይ የምናየው ባለቀለም የሽመና ጌጥ ነው። ብዙ ሰው ከጥልፍ ጋር ያምታታዋል። ጥልፍ ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ይሠራል፤ ጥለት ግን ጨርቁ ገና እየተሸመነ ሳለ፣ በነጩ ማግ (በአግድም በሚገባው ክር) ላይ ባለቀለም ክር እየተጨመረ አብሮ ይሠራል። በማሽን የታተመውን ጨርቅ ጥለት ብሎ መሸጥ ትክክል የማይመስለኝም ለዚህ ነው።

የማዕዘኑ ምስጢር ያለው አሠራሩ ላይ ነው። መርፌ ወደፈለገበት ይታጠፋል፤ ማግ ግን በቁመት በተወጠረው ክር፣ በድሩ፣ መካከል በአግድም ከማለፍ ውጪ ሌላ መንገድ የለውም። ሸማኔው የሚወስነው ባለቀለሙ ክር ከስንተኛው ድር እንደሚነሣና ከስንተኛው እንደሚመለስ ነው። መጀመሪያ ሁለት ድር ብቻ ያስይዘዋል እንበል። በሚቀጥለው መስመር በግራም በቀኝም አንድ አንድ ድር ይጨምራል፤ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት እያለ ይሰፋል። የሚበቃው ላይ ሲደርስ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጫፉ የቆመው አራት ማዕዘን፣ ተማሪዎች ሮምበስ የሚሉት፣ በቃ ተገኘ! ጎኑን ቀረብ ብሎ ላየው ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ነው። ክብ ለመሥራት ቢሞከርም ጠርዙ ያው ደረጃ ይሆናል። ማጉ ጠበቅ ተደርጎ ከተመታ ደግሞ ቆጠራው ሳይለወጥ ቅርጹ ቁመቱ ያጥራል፤ ሲላላ ይረዝማል። ስለዚህ የዶርዜ ሸማኔ ችሎታ ቆጠራም፣ እኩል አድርጎ የመምታት ልምድም ነው።

ጥለት በአንድ አቅጣጫ እየተደጋገመ የሚሄድ ጌጥ ነው። የሂሳብ ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ጌጦች በሲሜትሪያቸው፣ ማለትም ሲታጠፉ፣ ሲገለበጡ ወይም ሲንሸራተቱ ከራሳቸው ጋር በሚገጥሙበት መንገድ፣ ሲለዩአቸው 7 ዓይነት ብቻ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ስምንተኛ ሊኖር እንደማይችልም ተረጋግጧል። ባለአንድ ቀለም የሮምበስ ሰልፍ ላይኛው አጋማሹ ታችኛው ላይ ቢታጠፍ ልክ ይገጥማል። እባብ መሰሉ ዚግዛግ ግን ተገልብጦ የሚገጥመው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሲንሸራተት ነው። ቀለምም ለውጥ ያመጣል፦ የሮምበሱ ላይኛ አጋማሽ ቀይ፣ ታችኛው አረንጓዴ ከሆነ፣ ቅርጹ ቢገጥምም ቀለሙ አይገጥምምና ጥለቱ ከሰባቱ ወደ ሌላው ዓይነት ይዛወራል።