«ጃጅተው ነው» ከማለታችን በፊት

«ዲሜንሺያ ማለት አልዛይመር ነው።»
አይደለም። ዲሜንሺያ የማሰብ አቅም ኑሮን እስኪያውክ ድረስ ሲዳከም የሚሰጥ የወል ስም ነው። አልዛይመር ከመንስኤዎቹ ዋናው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 እስከ 70 በመቶ ድርሻ አለው። ሁለት በሽታ አንድ ሰው ላይ አብሮ መገኘቱም ብርቅ አይደለም።

«ሁሉም የሚጀምረው በመርሳት ነው።»
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ለሁለት ታማሚዎች አምስት አምስት ቃላት ነገራቸው እንበል። አንዱ ቃል «ፊት» ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠይቃቸው ሁለቱም ዝም። «የሰውነት ክፍል ነው» ብሎ ፍንጭ ሰጠ። አንደኛው «እ... ፊት!» አለ። ቃሉ ውስጡ አለ፤ ያቃተው ፈልጎ ማውጣቱ ነው። ይህ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ) ያለባቸውና የአንጎል ደም ስር የተጎዳባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ለሌላው ግን ፍንጩም ምንም አልፈየደለትም። አልዛይመር ገና ከጅምሩ ሂፖካምፐስን፣ ማለትም አዲስ ትዝታ የሚቀርጸውን የአንጎል ክፍል ስለሚጎዳ፣ ቃሉ መጀመሪያውኑ አልተቀረጸም። በእርግጥ ይህ ምልክት እንጂ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚጎዳው፣ ፍሮንቶቴምፖራል የሚባለው ዲሜንሺያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ትዝታው ደህና ሆኖ ጠባዩ ይለወጣል። ጨዋው ሰው ይሉኝታ ያጣል፤ ሰው ሲያለቅስ እያየ ምንም አይመስለውም። ቤተሰብም በሽታ መሆኑን ሳይጠረጥር ይጣላዋል።

«ትናንት ደህና ነበሩ፤ ዛሬ እያስመሰሉ ነው።»
ይቺ አባባል በጣም ታናድደኛለች። በሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ፣ ማለትም በአንጎል ሴሎች ውስጥ ፕሮቲን ሲከማች በሚመጣው ዓይነት፣ ንቃት በሰዓታት ውስጥ እንኳን ከፍ ዝቅ ይላል። የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል። ይህን አይቶ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት መስጠት ክፉኛ ሊጎዳቸው ስለሚችል፣ ለሐኪሙ ስለሚያዩት ነገርም ስለ ንቃታቸው መለዋወጥም ንገሩት።

«ሐኪሙ የሚሰጠውን የማስታወስ ፈተና ካለፈ ጤነኛ ነው።»
ሁልጊዜ አይደለም። መልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ወጣት ቀኑንም ቦታውንም በትክክል ይመልሳል። ችግሩ አእምሮው መዘግየቱ ነው፤ አጭር የቃል ፈተና ደግሞ ፍጥነትን እምብዛም አይለካም።

«አንዴ ከጀመረ ምንም አይደረግም።»
አልዛይመርን እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም። ግን የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) መዳከምና ድብርትም ዲሜንሺያ መስለው ይመጣሉ። እነዚህ ይታከማሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ በደም ምርመራ ይታወቃሉ።