ቶርክ ኮንቨርተር ምንድን ነው? የቆየች አውቶማቲክ ለሚነዳ ሰው

መካኒኩ ከመኪናው ስር ይወጣል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ኮንቨርተሩ ሄዷል» ይላል። እናንተም የገባችሁ መስላችሁ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። እኔም ነቅንቄያለሁ። ቤት ገብቼ ነው ምን እንደሄደ መጠየቅ የጀመርኩት።

ቶርክ ኮንቨርተር አውቶማቲክ መኪና ላይ የፍሪሲዮንን ቦታ የያዘ ዕቃ ነው። ማንዋል ስትነዱ መብራት ላይ ፍሪሲዮን ትረግጣላችሁ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ይላቀቃሉ፣ ሞተሩም አይጠፋም። አውቶማቲክ ላይ የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። በምትኩ ሞተሩና ካምቢዮው መሃል አንድ ክብ ብረት ተቀምጧል፤ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ ገጥመው የበየዱት ይመስላል። ውስጡ በካምቢዮ ዘይት የተሞላ ነው።

የውሃ ወፍጮ አይታችሁ ከሆነ ግማሹን አውቃችሁታል። ውሃው መዘውሩን ይመታል፣ መዘውሩ ድንጋዩን ያዞራል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ወንዙን የሚሰራው ሞተሩ መሆኑ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ሳህን ክንፎች አሉት፤ ዘይቱን በኃይል ይወረውራል። ውስጥ ፊት ለፊቱ ያለው፣ ለብቻው የሚዞር ባለ ክንፍ መዘውር፣ ተርባይን የሚባለው፣ ያንን ዘይት ተቀብሎ ይዞርና ካምቢዮውን ያዞራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዘይት ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲሰራ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ፍሬን ይዛችሁ መቆም ትችላላችሁ። ዲ ላይ አድርጋችሁ ፍሬኑን ስትለቁ መኪናው ቀስ እያለ የሚሄደውም ለዚሁ ነው።

«ኮንቨርተር» ያሰኘው ግን መሃል ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ክፍል ናት፤ ስታተር ትባላለች። ከተርባይኑ የሚመለሰው ዘይት አቅጣጫው ተገላብጦ ሞተሩን ሊቃወም ይመጣል፤ እሷ ታጥፈውና ወደ ሞተሩ ዙር አቅጣጫ ትመልሰዋለች። በዚህ ምክንያት ከቆመበት ሲነሳ ካምቢዮው የሚያገኘው ጉልበት ሞተሩ ከሰጠው ሁለት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አሮጌ ኮሮላ ሰው ሞልታ የምትነሳው በዚህ ጉልበት ነው። (ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ያሰበው ለመርከብ ነበር፤ መኪና ላይ የመጣው ኋላ ነው።)

ዘይት ለዘይት ሲፋተግ ሙቀት ይፈጠራል፣ ነዳጅም ይባክናል። ስለዚህ አብዛኞቹ ኮንቨርተሮች ውስጣቸው ትንሽ ፍሪሲዮን አላቸው፤ ሎክ አፕ ይባላል። መኪናው ፍጥነት ይዞ ሲረጋጋ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ሳህንና ተርባይኑን አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚያረጀውም እሱ ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ ነዳጅ በቀስታ ረግጣችሁ ስትሄዱ፣ ጎማው ኮረኮንች ላይ የወጣ ይመስል ለአፍታ ከተንቀጠቀጠና ነዳጅ ስትጨምሩ ከተወው፣ ጠርጥሩት።

ግን አትቸኩሉ። የእኔዋ እንደዚያ ስትንቀጠቀጥ «ኮንቨርተር ነው፣ ካምቢዮ ይወርዳል» ተባልኩ። የተበላሸው አንድ ካንዴላ፣ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ ነበር። ሞተር አንዱ ሲሊንደር ሲስት የሚሰጠው ስሜት ቁርጥ ሎክ አፕ ነው። ስለዚህ ርካሹን አስቀድሙ፦ ካንዴላ፣ የካምቢዮ ዘይት መጠንና ቀለም፣ ፊልትሮ። ዘይቱ የተቃጠለ ከሸተተና ከስር ያለው ቋት ውስጥ ማግኔቶቹ ላይ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ፣ ኮንቨርተር ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም፤ ካምቢዮውም ታሟል። ማግኔቱ ላይ ያለው እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ግን የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም።

አንዳንድ ጋራዥ አንድ ሙከራ ይሰራል። ጎማው በድንጋይ ይታገዳል፣ ፍሬን እስከ መጨረሻ ይረገጣል፣ ዲ ይገባል፣ ነዳጅ ሙሉ ይሰጥና የሞተሩ ዙር ስንት ላይ እንደቆመ ይታያል። ከ5 ሰከንድ በላይ አይያዝም፤ ዘይቱ ይፈላል። ዙሩ ከመመሪያው በጣም ካነሰ ስታተሯን ወይም ሞተሩን፣ ከበዛ የካምቢዮውን መንሸራተት ያሳያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል እዚሁ ያጣል። መመሪያው ለምሳሌ 2,400 ዙር ቢልና የእናንተ 2,100 ቢያሳይ መኪናው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቁጥር ብቻ ደህና ኮንቨርተር አታስወርዱ።

በእርግጥ ሄዶ ከሆነስ? ዋናው ወጪ ዕቃው ላይሆን ይችላል፤ እሱን ለማግኘት ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ ያ ሙሉ ቀን የሚበላ ሥራ ነው። ስለዚህ ቁጠባ ማለት ሁለቴ አለማውረድ ነው። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዙ ከራሳችሁ ካምቢዮ ዓይነት የወጣ መሆኑን አረጋግጡ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ፣ አንገቱ ላይ ጭረት ካለ ተዉት። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፊት ዘይት ማገጃ ጎማውንና የሞተሩን የኋላ ማገጃ አስቀይሩ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ዘይቱ የሚቀዘቅዝበትን የራዲያተር መስመርም አሳጥቡ፣ አለዚያ የድሮው ቆሻሻ አዲሱን ዕቃ ይጠብቀዋል።

የሚገጠምበት ጊዜ ላይ ቆማችሁ እዩ፣ ቡና በኋላ ይጠጣል። ኮንቨርተሩ መጀመሪያ ካምቢዮው ላይ ነው የሚገባው፤ እየተሽከረከረ ሲገፋ ደረጃ በደረጃ «ቀው፣ ቀው» እያለ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ የመጨረሻው የዘይት ፓምፑን ጥርስ ሲይዝ ነው። ያ ሳይሆን ካምቢዮውን ሞተሩ ላይ አስጠግቶ ክፍተቱን በብሎን ጎትቶ የሚዘጋ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። ፓምፑ ይሰበራል፣ ሞተሩ በተነሳ ቅጽበትም አዲስ ካምቢዮ ያስፈልጋችኋል። በትክክል ከገባ ሁለቱ በእጅ ተገፍተው ይገጥማሉ፤ ቮላኖው (ሞተሩ ጀርባ ያለው መዘውር) ላይ ሳይታሰር በፊትም ኮንቨርተሩ በጣት ሲነካ ይዞራል።

ከመግጠሙ በፊት ውስጡ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይጨመርበት፣ ደረቅ አይነሳም። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች ዴክስሮን የተባለውን ዘይት ነው የሚፈልጉት፣ ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ቶዮታዎች ቲ-ፎር፤ መለኪያ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። መጠኑ የሚለካው ደግሞ ሞተሩ ሞቆ፣ እየሰራ፣ ማርሹን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ አስገብታችሁ ፒ ላይ ከመለሳችሁ በኋላ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ለክቶ «ጎድሏል» ብሎ የሚጨምርላችሁ ሰው አይጠፋም።